ፓስፖርቱን ላሳድስ ወይስ ዜግነቱን ልጠብቅ?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በዳላስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርዱን ከያዘ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ሒሳብ ማስላት ይጀምራል። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ብሎ አዲስ አበባ ላይ ያወጣው ፓስፖርት የአምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ላይ ጉዳዩ እስኪያልቅ የነጎዱት ወራት ሲቀነሱ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ሕግ ቋሚ ነዋሪ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ከአሜሪካዊ ጋር በትዳር የሚኖር ደግሞ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ለዜግነት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ማመልከቻውን ቀኑ ከመድረሱ 90 ቀን አስቀድሞ ማስገባትም ይቻላል። «የዓመት ነገር ነው፤ አሁን ማሳደሱ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል ሰውየው። ፓስፖርቱም ጊዜው አልፎበት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሒሳብ ለማጣጣል አልቸኩልም። ከአሜሪካ በኩል ብቻ ካየነው ትክክል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከውጭ ሲመለስ የድንበር ሹሙ የሚጠይቀው ካርዱን ነው፤ የአገሩ ፓስፖርት ባይኖረው በዚያ ብቻ አይመልሰውም። ካርዱ በአሥር ዓመት ይታደሳል፤ የነዋሪነት መብቱ ግን ከካርዱ ጋር አብሮ አያልፍም። ሥራ ለመቀጠር፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ በጠበቀው የሪል አይዲ ደንብ አገር ውስጥ ለመብረር እንኳ ፓስፖርት ሳይጨመር ካርዱ ይበቃል። ለዜግነት ሲያመለክቱም የጸና ፓስፖርት መያዝ ግዴታ አይደለም። በቃለ መጠይቁ ቀን ግን ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ፓስፖርቱ ይፈለጋል፤ መርማሪው የመውጫና የመግቢያ ማኅተሞቹን ከተሞላው ቅጽ ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ያለቀ ፓስፖርት ምንም አያጎድልበትም።

ችግሩ የሚመጣው ለመውጣት ሲነሣ ነው። ግሪን ካርድ የሚናገረው ስለ አንድ አገር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ወደ አሜሪካ መመለስ እንደሚችል ይመሰክራል። የየት አገር ዜጋ መሆኑን አረጋግጦ ለሌላው ዓለም የሚያስተዋውቀው የዜግነት አገሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነትም ለዜጎች ፓስፖርት መስጠትን ከቆንስላ ተግባራት መካከል ቆጥሮታል። ካናዳን ብንወስድ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 26 ቀን 2022 ጀምሮ ግን ከካርዱ ጋር የጸና የአገሩን ፓስፖርት እንዲያሳይ ትጠይቃለች። የሸንገን አገሮች ኢትዮጵያውያን በአየር ማረፊያቸው ለማለፍ እንኳ ቪዛ እንዲያወጡ ከሚጠይቋቸው ዜጎች ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋል፤ ግሪን ካርድ ከዚህ ነፃ ያወጣል፣ ፓስፖርቱን ግን አይተካም። ብዙ አገሮችና አየር መንገዶች ደግሞ ፓስፖርቱ ገና ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ። የአምስት ዓመቱ ፓስፖርት ለመንገደኛ የአራት ዓመት ተኩል ፓስፖርት ነው ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሻንጣውን ሚዛን ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ወደ አገር ቤት የሚደረገው ጉዞ ነው። «የዓመት ነገር ነው» ያለው ሰው በዚያ ዓመት ውስጥ እናቱ እንደማይታመሙ፣ ወንድሙ እንደማይሞት፣ የእህቱ ሠርግ እንደማይደርስ ተወራርዷል። ስልኩ ሲደወል ኤምባሲው የሚሰጠው ሊሴ ፓሴ ነው። ሊሴ ፓሴ ለአንድ ጉዞ የሚሆን ወረቀት ነው፤ ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ለለቅሶ የሄደው ሰው ለመመለስ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ፓስፖርት ማውጣት አለበት፤ ያ ደግሞ ከአሠሪው ባገኘው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ውስጥ ማለቁን ማንም አያረጋግጥለትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው፣ በፈለገውም ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ አለ፤ የሚተረጎመው ግን በመስኮት አገልግሎት ፍጥነት ነው።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ምክንያት አለ፤ ውክልና። ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ የአባቱን ቤት ከእኅት ወንድሞቹ ጋር የሚካፈል፣ መኪና የሚሸጥ ወይም ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ሰው ሥልጣኑን ለዘመድ የሚሰጠው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ቀርቦ ነው። እዚያ ሲቀርብ ማንነቱንና ዜግነቱን የሚያሳየው በፓስፖርቱ ነው። ጉዞ ሳያስቡ ለውክልና ሲሉ ብቻ ፓስፖርት የሚያሳድሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የቆንስላ ወረፋን ረጅም የሚያደርገው ናፍቆት ብቻ ይመስለን ከሆነ የንብረትን ድርሻ ረስተናል።

አሠራሩ ራሱ ለምን ይከብዳል? በእጅ የሚጻፉ ፓስፖርቶች በነበሩበት ዘመን ቆንስላ ማኅተም መትቶ፣ ቀን ጽፎ ማራዘም ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በማሽን የማይነበቡ ፓስፖርቶች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 24 ቀን 2015 በኋላ ከአገልግሎት እንዲወጡ የጊዜ ገደብ ካስቀመጠ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በማሽን የሚነበበው ፓስፖርት ማተሚያና ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያም ከአዲስ አበባ ነው የሚወጣው። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ፣ እንዲሁም በሎስ አንጀለስና በሚኒሶታ ሴንት ፖል ያሉት ቆንስላዎች ተቀባይና አስተላላፊ ሆነዋል። ቅጽ፣ ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የቀድሞው ፓስፖርትና ክፍያ ተሰብስበው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በአመልካቹም በቆንስላ ጸሐፊውም እጅ አይደለም።

በዚህ ላይ አገር ቤት የነበረው የፓስፖርት እጥረት ተጨመረበት። ደብተሩ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በነበረባቸው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ያለው አመልካች ለወራት ሲጠብቅ፣ ከውጭ የተላከው ማመልከቻም አብሮ ጠብቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወጪ ለመቀነስ ቢያንስ 30 ያህል ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች እንዲዘጉ ለፓርላማ ተናግረው ነበር። ኤምባሲው የተዘጋበት አገር ነዋሪ የቆንስላ አገልግሎት ለማግኘት ወደ ጎረቤት አገር ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ጎረቤት አገር ለመሻገር ደግሞ የጸና ፓስፖርት ያስፈልጋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ቺፕ ያለው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ይፋ ሆኗል፤ የጃፓኑ ቶፓን ኩባንያ የሥራው ሸሪክ ነው። ደብተሩ ከውጭ መገዛቱ ቀርቶ አገር ውስጥ መታተሙ እጥረቱን ሊያቃልለው ይችላል ብዬ አምናለሁ። አዮዋ ወይም ሰሜን ዳኮታ ያለ ሰው ከቆንስላ ያለበትን ርቀት ግን አያሳጥረውም። ተንቀሳቃሽ የቆንስላ አገልግሎት፣ ማለትም ሠራተኞቹ አሻራ መቀበያቸውን ይዘው ማኅበረሰቡ ወደሚኖርበት ከተማ የሚሄዱበት አሠራር፣ እንደ ልዩ ዝግጅት ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ ካልተያዘ ቺፑ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

ስለ ስምና ስለ ልደት ቀን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አዲሱ ፓስፖርት አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው የስሙ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ሲለወጥ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ በድሮው ፓስፖርት ላይ በአንድ መንገድ፣ በግሪን ካርዱ ላይ በሌላ፣ በአዲሱ ደግሞ በሦስተኛ ሊጻፍ ይችላል። የአሜሪካ ቅጾች የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ፤ አንዳንዱ ቅጽ ሲሞላ የአባቱን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። ባሏን ተከትላ በአሜሪካ የቤተሰብ ስም የወሰደች ሴት ደግሞ ካርዷና ፓስፖርቷ ሁለት ሰው ይሆናሉ፤ በኢትዮጵያ ጋብቻ የሴትን ስም አይለውጥምና። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲመለስ በቀን የሚዛነፍበት አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሳይመለስ የተጻፈበትም አለ። መድኃኒቱ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ማሳደሻ ቅጹን የሚሞላ ሰው ግሪን ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጦ በእያንዳንዱ ፊደል ቢያመሳክር፣ ልዩነት ካለም ፓስፖርቱ ከመታተሙ በፊት ቢናገር ይሻለዋል። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው በአንዱ ስም ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በዲቪ ወይም በቤተሰብ ስለ መጣ ሰው ነው። በጥገኝነት ለመጣው ጥያቄው ሌላ ነው፤ እኔም ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ግሪን ካርድ ሊይዙ ይችላሉ፤ አንዱ በዲቪ፣ ሌላው በአሳይለም ማግኘቱ የሚታወቀው ካርዱ ላይ ባለችው ትንሽ የምድብ ኮድ ነው። ለአንዱ ማሳደስ የአስተዳደር ሥራ ነው። ለሌላው ግን ከመንግሥቱ ሸሽቻለሁ ብሎ ቃሉን የሰጠበትን መንግሥት «ጥበቃህን እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ሊቆጠርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1ሐ፣ ስደተኛው በፈቃዱ ወደ ዜግነት አገሩ ጥበቃ ከተመለሰ የስደተኝነት ከለላው እንደሚያበቃ ይገልጻል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ፓስፖርት ማውጣትና ማሳደስ፣ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር፣ ለዚሁ ፍላጎት ምልክት ተደርጎ እንደሚገመት ያብራራል። ለስደተኛ የተዘጋጀው መንገድ በዚያው ስምምነት አንቀጽ 28 የታሰበው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በፎርም አይ-131 ይጠየቃል፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል።

ይህ ሕግ ሲወጣ የታሰበው ስደተኛ አንድ ጊዜ ተሰዶ የማይመለስ ሰው ነበር። የእኛ ታሪክ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ለዓመታት በስደት የነበሩ የተቃዋሚ ድርጅቶች ተጋብዘው ተመለሱ፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ኤምባሲ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ፓስፖርት ለማውጣት ተሰለፈ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ትናንት ፓስፖርቱን በደስታ ያሳደሰው ሰው እንደገና የሚፈራ ሆነ። መርማሪ ፊት ቀርቦ ይህን ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። መርማሪው የሚያየው ፓስፖርቱ የወጣበትን ቀን ነው። ስለዚህ በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ከኤምባሲ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይበጀዋል፤ «እገሌ አሳድሶ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ እገሌ በምን መንገድ እንደ መጣ አይነግረንም።

የኤርትራውያን ጉዳይ ደግሞ ነገሩን እስከ ጫፉ ያሳያል። ኤርትራ በውጭ የሚኖሩ ዜጎቿን ከገቢያቸው 2 በመቶ ታስከፍላለች፤ የቆንስላ አገልግሎትም ከዚህ ክፍያ ጋር የተያያዘ ሆኖ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ባሳለፈው ውሳኔ 2023 የግብሩን አጠቃቀም አውግዟል፤ ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ምክንያት ቶሮንቶ የነበሩትን የኤርትራ ቆንስል አባራለች። በሕገወጥ መንገድ የወጣ ሰው ደግሞ ከአገር በመውጣቱ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ለሚወሰንበት ቅጣት የሚገዛ መሆኑን የሚገልጽ የጸጸት ደብዳቤ እንዲፈርም ይጠየቃል። የጀርመን ባለሥልጣናት ሙሉ የስደተኝነት ደረጃ ሳይሆን ተጨማሪ ጥበቃ የሚባለውን የተሰጣቸውን ኤርትራውያን «ፓስፖርትህን ከኤምባሲህ አምጣ» ሲሏቸው የኖሩት ይህን እያወቁ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 2022 በላይፕዚግ የሚገኘው የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ሰውየው መፈረም እንደማይፈልግ በሚታመን መልኩ ካስረዳ፣ በዚያ ደብዳቤ ላይ እንዲፈርም ሊገደድ አይገባም ብሎ ወሰነ። እንዲህ ላለው ሰው ጀርመን ራሷ የውጭ ዜጋ የጉዞ ሰነድ ትሰጠዋለች።

የዚህ ውሳኔ ክብደት ከኤርትራውያን ይሻገራል። የመኖሪያ አገር ከነዋሪው ፓስፖርት ሲጠይቅ፣ የዜግነት አገሩ በፓስፖርቱ ላይ ማንኛውንም ዋጋ እንዲያስከፍል ሥልጣን እየሰጠው ነው። ሁለቱም መንግሥታት ሕጋቸውን አክብረው ሠርተዋል ሊሉ ይችላሉ፤ መሐል ላይ የሚቆመው ነዋሪው ነው። ስለዚህ ፓስፖርት የሚጠይቅ አገር ለማያገኘው ሰው ሌላ መንገድ ማዘጋጀት አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶቹ አዘጋጅተዋል። ስዊድን የውጭ ዜጋ ፓስፖርት አላት። ብሪታንያ አገሩ ያለ በቂ ምክንያት ፓስፖርት ለከለከለችው ቋሚ ነዋሪ የጉዞ የምስክር ወረቀት ትሰጣለች፤ ግን መከልከሉን እንዲያስረዳ ትጠይቃለች፤ ኤምባሲ ደግሞ «ከልክያለሁ» የሚል ደብዳቤ አይጽፍም፤ ዝም ይላል እንጂ። ከሁሉ ለጋሷ በዚህ ረገድ አሜሪካ ናት። የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን ደብተር ለማግኘት የአገር ፓስፖርት መከልከልን ማስረዳት አያስፈልግም። ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የሚጠየቀው ግን አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፣ አይራዘምም፣ ለማግኘትም ወራት ይፈጃል። ዋና ዓላማውም ከዓመት በላይ ውጭ የሚቆይ ሰው ነዋሪነቱን እንዳያጣ ነው። አንዳንድ አገሮች ቪዛቸውን ይለጥፉበታል፣ ሌሎች አይቀበሉትም። ኢትዮጵያዊ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቢይዘው ብዙ አይጠቅመውም።

ብሪታንያ ላሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የፕላስቲክ የመኖሪያ ካርዱ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ቪዛ ከተተካ ወዲህ መብቱ የተያያዘው ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ነው። ያሳደሰ ሰው አዲሱን ቁጥር በመንግሥት አካውንቱ ላይ ካላስመዘገበ አየር መንገዱ ስርዓቱ ውስጥ ላያገኘው ይችላል። ያልተወሰነ የመኖሪያ ፈቃዱ በድሮ ፓስፖርት ላይ በማኅተም ያለ ሰውም ያንን ደብተር እንዳይጥል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቋሚ ነዋሪነት የሚባለው ነገር ለአብዛኛው ሠራተኛ የለም፤ ስለዚህ የመጠበቅ ምርጫም የለም። ፓስፖርቱ ሲያልቅ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም፤ ኢቃማ የሌለው ሕገወጥ ይሆናል። ሕጉ ቢከለክልም ፓስፖርቱን የያዘው ካፊሉ፣ ማለትም ስፖንሰር የሆነው አሠሪው፣ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ የብዙዎቹ የመጨረሻ ሰነድ ሊሴ ፓሴ ነበር።

ወደ አሜሪካው ሰውዬ ሒሳብ ስንመለስ፣ የጥርጣሬው ሥር ያለው የኢትዮጵያ ሕግ ላይ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ስለሚፈቅድ ሜሪላንድ ያለ ኬንያዊ ፓስፖርቱን ሲያሳድስ ምንም አያስበውም፤ አሜሪካዊ ከሆነ በኋላም ያገለግለዋል። የእኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በአንቀጽ 20 ሌላ ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። በዚህ ሕግ ፊት ዛሬ የሚታደስ ፓስፖርት ቃለ መሐላው እስኪፈጸም ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ከዚያ በኋላ በእሱ መጓዝ ዜጋ ሳይሆኑ በዜጋ ሰነድ መጓዝ ነው። ሰው ገንዘቡን መቆጠቡ አይገርምም። ቢሆንም በጥገኝነት ላልመጣ ሰው የእኔ ምክር ያሳድስ ነው፤ እንዲያውም ዘጠኝና አሥር ወር ሲቀረው ይጀምር። የዜግነት ማመልከቻ በታሰበው ጊዜ ላያልቅ ይችላል፤ የወላጅ ሕመም ደግሞ ቀጠሮ አይዝም።

ቃለ መሐላውን ለፈጸመ ሰው የሚቀጥለው ደጅ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይሰጥም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አያስቀጥርም። ለማውጣት አመልካቹ ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበረ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከማስረጃዎቹም ሁሉ ለማቅረብ የሚቀልለው ያ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ነው።